ሳንቃ ይበቃናል

ነገሩ የተጀመረው በአንድ ቁልፍ ነው።

ያኔ ስምንት ነበርን፤ አምስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ቆዳው የተላጠ ግን ገና የሚነጥር አንድ የቅርጫት ኳስ ነበረን። ደባርቅ ውስጥ፣ ከሰፈራችን ብዙ በማይርቅ አንድ ግቢ፣ ሁለት ቀለበት የተተከለበት ሜዳ አለ። ቀለበቶቹ ዝገዋል፣ መረብ የላቸውም፣ ከአንዱ ምሰሶ እስከ ዛፉ በተወጠረው ገመድ ላይ ልብስ ይሰጣበታል። እሁድ እሁድ ግቢው ጭር ያለ ነው። ሄደን «እሁድ ከሰዓት እንጫወትበት?» ብለን ጠየቅን።

መልሱ በጥያቄ መጣ። ክለብ ናችሁ? ፈቃድ አላችሁ? ማህተምስ? አሰልጣኛችሁ ማን ነው? ደብዳቤ አጻፍን። ደብዳቤውን ይዘን ስንሄድ ቁልፉን የያዙት ሰውዬ ስብሰባ ሄደዋል ተባልን። ከስብሰባ ሲመለሱ ዓቢይ ጾም ገባ (ጾምና ኳስ ምን እንደሚያገናኛቸው እስከ ዛሬ አልገባንም)። ከጾሙ በኋላ ፈተና ነው ተባለ። ከፈተናው በኋላ ክረምት ገባ፤ የሰሜን ክረምት ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ቁልፉ አሁንም ስብሰባ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

የግቢውን ስም አንጠራም። መጥራትም አያስፈልግም፤ እናንተም ሰፈር አለ። አዲስ አበባ ያላችሁ ወዳጆቻችን በኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ መኪና የሚቆምበትን «ሜዳ» ታውቁታላችሁ። ጎንደር ያላችሁ በሩ በሰንሰለት የታሰረውን ታውቁታላችሁ። ከተማው ይለያያል፣ ቁልፉ ግን አንድ ነው።

ይህን የምንጽፈው ግን ባለ ቁልፉን ለመውቀስ አይደለም። እሳቸውን ወቅሰን ወቅሰን ጠግበናል። ልንወቅስ የመጣነው ራሳችንን ነው፤ ካልተቀየማችሁ እናንተንም ጭምር። ያን ቁልፍ ስንጠብቅ ሁለት ዓመት አባክነናል። ስንጠብቅ የኖርነውም ሜዳውን ብቻ አልነበረም፤ «ትክክለኛውን» ቅርጫት ኳስ ነው። ሊሾ ወለል፣ ሁለት ቀለበት፣ አምስት ለአምስት፣ ፊሽካ ያለው ዳኛ፣ ቁጥር የታተመበት ማሊያ። እነዚህ ካልተሟሉ ጨዋታው ጨዋታ፣ ሊጉም ሊግ የማይሆን መስሎን ነበር።

ተሳስተን ነበር። ዛሬ የምንለው አጭር ነው፦ ሊግ ማለት ሜዳ አይደለም። ሊግ ማለት በቀጠሮው ሰዓት የሚመጣ ሰው ነው። ሰዉ ካለ ደንቡን በልኩ መስፋት ይቻላል።

የመጀመሪያው ሊጋችን እንዴት ሞተ?

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ቁልፉን ትተን በራሳችን የጀመርነው የመጀመሪያው ሊግ በሦስተኛው ሳምንት ሞቷል። ገዳዮቹም እኛው ነን።

አንድ ኳስ ሳንወረውር ኮሚቴ አቋቋምን። ሰብሳቢ፣ ምክትል ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ሕዝብ ግንኙነት። (ስምንት ነበርን ብለናል፤ አምስቱ ሥልጣን ያዙ፣ ሦስቱ ተቃዋሚ ሆኑ።) ቀጥሎ አርማ አሠራን፤ ተራራ፣ ዋልያ፣ ኳስ፣ ችቦ ሳይቀር ያለበት አርማ። የስፖንሰር ደብዳቤ በተንን። በመዝጊያው ቀን የሚጠሩት የክብር እንግዶች ዝርዝር ከተጫዋቾቹ ዝርዝር ይረዝም ነበር። በመጨረሻም «ትልቅ ካልሆነ ማን ያየዋል?» ብለን አሥር ቡድን መዘገብን።

ሒሳቡን የሠራው ሰው አልነበረም። አሥር ቡድን እርስ በርሱ አንድ አንድ ጊዜ ቢጋጠም 45 ጨዋታ ነው። አንዱ ጨዋታ ከነመግቢያ መውጫው 20 ደቂቃ ቢፈጅ፣ በአንድ ቀለበት 15 ሰዓት ማለት ነው። እኛ ያለን በሳምንት አንድ ከሰዓት ነው፤ ያውም ብርዱ ሳይጠና። የመጀመሪያው ሳምንት ደመቀ። በሁለተኛው ሳምንት ሦስት ቡድን ሳይመጣ ቀረ። በሦስተኛው ሳምንት «ኳስ ይዘህ ሮጠሃል»፣ «አልሮጥኩም» በሚል ጠብ ተነሣ። የሚዳኝ አልነበረም። የኳሱ ባለቤት አኮረፈና ኳሱን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ ሄደ። ሊጉ አለቀ። ኮሚቴው ግን እስከ ዛሬ አልፈረሰም፤ በወረቀት ላይ በሕይወት አለ።

ከዚህ የተማርነው ነገር ቢኖር ገንዘብ እንዳልገደለን ነው። ሜዳም አልገደለን። የገደለን ትልቅ ለመምሰል መቸኮላችን ነው። አገራችን ውስጥ በዚህ በሽታ የሞተ ማኅበር፣ ክበብ፣ መጽሔት ቁጥሩ ስንት እንደሆነ እናንተው ገምቱት።

ሳንቃ፣ ፌሮና ባህር ዛፍ

ሁለተኛውን ከታች ጀመርነው። ከአፈሩ ማለታችን ነው። ከአንዳችን ቤት ጀርባ ባዶ ቦታ ነበር። አንድ ወፍራም የባህር ዛፍ ግንድ ተከልን። ብየዳ ቤት ሄደን ከፌሮ ብረት 45 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀለበት አስበየድን። ከጀርባው ከአሮጌ በር የተረፈ ሳንቃ መታንበት። ሕጋዊው ሳንቃ 1 ሜትር ከ80 በ1 ሜትር ከ5 ነው፤ የእኛ ግማሹን ቢያክል ነው። ቀለበቱን ግን በሕጉ መሠረት ከመሬት 3 ሜትር ከ5 ሳንቲም ላይ አደረግነው።

ሳንቃ በርን ታውቋታላችሁ፤ በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው፣ ቱሪስት ድንኳን የሚተክልባት ቦታ ናት። ስሟን ተውሰን ሜዳችንን «ሳንቃ በር» አልነው። በዓለም ላይ ቁልፍ የሌለው በር እሱ ብቻ ነው ብለን።

ደንቡን ያወጣልን አፈሩና ብርዱ ነው ማለት ይቻላል። እነሆ፦

አንደኛ፣ ሦስት ለሦስት፣ በአንድ ቀለበት። አራተኛው ሰው ተጠባባቂ ነው። ሁለተኛ ቀለበት መፈለግ ቀረ። የተራራው ንፋስም ለሁለቱም ወገን እኩል ይነፍሳል፤ ሁለቱም የሚወረውሩት ወደ አንድ ቀለበት ነዋ። ኳስ የነጠቀ ቡድን ከመስመሩ ውጪ አውጥቶ እንደገና ይጀምራል።

ሁለተኛ፣ ኳስ እያነጠሩ መሮጥ የለም። ኳስ የያዘ ይቆማል፣ ያቀብላል፣ ወይም ይወረውራል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ኳስ አፈር ላይ ወጥ አይነጥርም። ጠጠር ሲያገኝ ወደ ጎረቤት ጎመን ይገባል።

ሦስተኛ፣ ሦስቱም ሳይነኩት ወደ ቀለበት አይወረወርም። የዚህን ምክንያት ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አራተኛ፣ 10 ደቂቃ ወይም 11 ግብ፤ የቀደመው ያበቃዋል። ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ የመጣ እንግዳ አምስት ደቂቃ ሮጦ ሰማዩን ማየት ይጀምራል። አጭር ጨዋታ ሁሉንም ያጫውታል።

አምስተኛ፣ ተጫውቶ የወጣ ቡድን ቀጣዩን ይዳኛል፤ የዕለቱን የመጀመሪያ ጨዋታ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚጋጠሙት ይዳኙታል። ሳይዳኝ የሄደ ቡድን አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። ዳኛን የሚሳደብ ሰው ከ20 ደቂቃ በኋላ ራሱ ዳኛ እንደሚሆን ሲያውቅ አፉን ይሰበስባል።

ስድስተኛ፣ ያሸነፈ 2 ነጥብ፣ መጥቶ የተሸነፈ 1 ነጥብ፣ በፎርፌ የቀረ 0። ይህን እኛ አልፈጠርነውም፤ በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ሕግ ያለ ነው። እኛ ግን ወደድነው። መምጣት ራሱ ነጥብ አለው ማለት ነዋ!

ሰባተኛ፣ ኳሱ እዚያው ሜዳው ላይ ይነፋል። ከሊማሊሞ ሥር ተነፍቶ የመጣ ኳስ ደባርቅ ሲደርስ ይጠነክራል፤ ከፍታው ላይ የውጪው አየር ስለሚሳሳ። በቀትር የተነፋው ደግሞ ወደ ማታ በብርዱ ይላላል። መንፊያና መርፌ ያልያዘ ሊግ ሊግ አይደለም።

ስምንተኛ፣ ቡድን የሚመደበው በዕጣ ነው።

ስድስት ቡድን፣ 24 ሰው፣ 15 ጨዋታ። በእሁድ ሦስት ጨዋታ፣ አምስት እሁድ። አንድ ሰዓት በሳምንት። ከመስቀል በኋላ ይጀመራል፣ የኅዳር ብርድ ሳይጠና ያልቃል። ከፋሲካ በኋላ ዕጣው እንደገና ይወጣል። ኮሚቴ የለም። ደብተር የሚይዝ አንድ ሰው አለ፤ እሱም በየዙሩ ይቀየራል።

«ይሄ ቅርጫት ኳስ አይደለም»

ይህን የሚሉን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። አንደኛው ሌሊት ሌሊት በስልኩ ኤንቢኤ የሚያይ ወዳጃችን ነው። ሁለተኛው አሰልጣኝ ነው። አሰልጣኙ የሚለው ቁም ነገር ስለሆነ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን። አሁን ከወዳጃችን ጋር ትንሽ እንጨዋወት።

ወንድማችን፣ ኳስ ሳያነጥሩ ቅርጫት ኳስ የለም ትላለህ። ጨዋታውን የፈጠረው ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል ካናዳዊ መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891፣ አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ። ትምህርት ቤቱ የዚያ በኋላ አዲስ አበባም መጥቶ «ወወክማ» ብለን የጠራነው ማኅበር ነበር። ውጪው በረዶ ነው፤ ጎረምሶቹ አዳራሽ ውስጥ ተሰላችተው አስቸግረዋል። መምህሩ ሁለት ሳምንት ተሰጠውና 13 ደንብ ጻፈ። ከደንቦቹ አንዱ ምን ይላል መሰለህ? ኳስ ይዞ መሮጥ ክልክል ነው፤ ከያዝክበት ቦታ ወርውር። ማንጠር የሚባል ነገር በ13ቱ ውስጥ የለም። ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ የእኛን «ሁለተኛ ደንብ» ጥንታዊው ሃይማኖት በለው፤ መናፍቁ አንተ ነህ።

ኳሱም የእግር ኳስ ነበር። ቀለበት ሲፈለግ የትምህርት ቤቱ ጥበቃና ጽዳት ሠራተኛ የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ይዞ መጣ። ቅርጫቱ ታች ድፍን ስለነበረ ግብ በገባ ቁጥር አንድ ሰው መሰላል ወጥቶ ኳሱን ያወርዳል። ተጫዋቹ በየወገኑ ዘጠኝ ነበር፤ ለምን ዘጠኝ? ክፍሉ ውስጥ 18 ተማሪ ስለነበረ። ያ እንደ ታቦት የምናከብረው 3 ሜትር ከ5 ሳንቲምስ? የአዳራሹ ሰገነት መከታ እዚያ ላይ ስለነበረ ነው። ቅርጫቱን ሌላ የሚሰቅልበት ቦታ አልነበረውም!

እንግዲህ ልብ በሉ። ኔይስሚዝ ሜዳ እስኪሠራለት ቢጠብቅ ኖሮ ዛሬ ወዳጃችን ሌሊት የሚያየው ነገር አይኖርም ነበር።

ከዚያ በኋላም ጨዋታውን ያሳመሩት ብዙዎቹ ደንቦች የመጡት ከተቸገረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ፎርት ዌይን የሚባል ቡድን ሚኒያፖሊስን 19 ለ18 አሸነፈ። አዎ፣ ሙሉ ጨዋታ ተጫውተው። መሪው ኳስ ይዞ ቆሞ ስለሚያረፍድ ተመልካች ሊሸሽ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1954 የ24 ሰከንዱ ሰዓት መጣ። ሦስት ነጥብ የምትባለውን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ያመጣት አንድ ትንሽ ሊግ ነበር። ያ ሊግ ሁለተኛውን የውድድር ዘመን እንኳ ሳይጨርስ ሞተ። ኤንቢኤ ደንቧን የተቀበላት በ1979 ነው፤ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1984። ትንሿ ሊግ ሞተች፣ ደንቧ ግን ዛሬ የዓለም ደንብ ናት። ትንሽ ሆኖ መሞከር ከንቱ ነው የሚል ካለ ይህን ያስረዳን።

ሦስት ለሦስቱስ? እሱም የመንደር ጨዋታ ነበር። በአንድ ቀለበት፣ በ10 ደቂቃ ወይም በ21 ነጥብ፣ ከአንድ ተጠባባቂ ጋር። እ.ኤ.አ. በ2010 በሲንጋፖር የወጣቶች ኦሎምፒክ ገባ። እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሎምፒክ የወንዶቹን ወርቅ የወሰደችው ላትቪያ ናት፤ ሕዝቧ ሁለት ሚሊዮን የማይሞላ አገር። አሜሪካ በወንዶቹ ውድድር ጭራሽ አልደረሰችም። ሙሉ ሜዳ ላይ ማን ይበልጣል ቢባል መልሱን ሁላችንም እናውቃለን። ግማሽ ሜዳ ግን ለትንሹ ዕድል ሰጠው።

እግር ኳስን ያዳነው ካልሲ ነው

«ቅርጫት ኳስ እኮ የእኛ አገር ጨዋታ አይደለም» የሚሉም አሉ። እስቲ ወደ 1954 ዓ.ም. እንመለስ። በጥር ወር ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ የአፍሪካ ዋንጫን በእግር ኳስ በላች። ይህን የማያውቅ ልጅ የለም። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ደግሞ ካይሮ ውስጥ የመጀመሪያው የአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ተካሄደ። አምስት አገር ነበር የተሰለፈው፤ አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህንን ስንቶቻችን እናውቃለን?

በአንድ ዓመት፣ ከአንድ አገር፣ ሁለት ቡድን ወጣ። አንዱ በየሰፈሩ ቀረ፣ ሌላው ተረሳ። ለምን? እኛ እንደሚመስለን ልዩነቱ ካልሲ ነው። እግር ኳስ ግቢ አልጠበቀም። በካልሲ ውስጥ ጨርቅ ተጠቅጥቆ ኳስ ሆነ፣ ሁለት ድንጋይ ጎል ሆነ፣ ሦስት ኮርና አንድ ፔናሊቲ ሆነ፣ የገባበት ወጣ። ዳኛ የለም፣ ከጨዋታ ውጪ የለም፣ ሰባት ለስድስት ይቻላል። ሁላችንም ያደግነው በ«አማራጭ ደንብ» ነው፤ ስሙን አናውቀውም ነበር እንጂ። ገናን አስቡት፤ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰን፣ ሜዳው አይለካ፣ ጎበዙ ከወዲህና ከወዲያ ይሰለፋል፣ ጌታና ሎሌ እኩል ይሆናል። ሕዝባችን ደንብን በልኩ መስፋት አዲስ ነገር አይደለም ለእሱ።

ቅርጫት ኳስ ግን ከተተከለበት ቀን ጀምሮ በር ተዘጋበት። ቀለበቱ የትምህርት ቤት ሆነ፣ ቁልፉ የሰውዬው ሆነ። በካልሲ የማይሠራ ጨዋታ መሰለን። አንድ ሳንቃ፣ አንድ ግንድና አንድ ፌሮ እንደሚበቃው ማንም አልነገረን።

ዕጣው

አሁን ወደ ሦስተኛውና ወደ ስምንተኛው ደንብ እንምጣ፤ ከሁሉም የሚበልጡብን እነሱ ናቸውና።

በመጀመሪያው እሁድ ሴቶቹ ሜዳ ውስጥ ነበሩ፣ ኳሱ ግን ወደ እነሱ አልመጣም። ወንዶቹ እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ እነሱ ይሮጣሉ። አንዷ እህታችን ከጨዋታው በኋላ «እኔ የመጣሁት አጃቢ ልሆን ነው እንዴ?» አለች። ሦስቱም ሳይነኩት አይወረወርም የሚለው ደንብ የተጻፈው በዚያው ምሽት ነው። በእያንዳንዱ ወገን ሜዳ ላይ ቢያንስ አንዲት ሴት ትኖራለች፤ ሴትን የምትከላከላት ሴት ናት። ይህም ቢሆን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 አምስተርዳም ውስጥ አንድ መምህር ወንድና ሴት ተማሪዎቹ አብረው የሚጫወቱት «ኮርፍቦል» የሚባል የቅርጫት ጨዋታ አወጣ፤ በየወገኑ አራት ወንድ፣ አራት ሴት፤ ማንጠር የለም። እስከ ዛሬ ዓለም ሻምፒዮና አለው።

ከዚያች እህታችን እናት ጋር ግን በአምስተርዳም አልተግባባንም። «ልጄን ከጎረምሳ ጋር ልታጋፉብኝ ነው?» አሉን። «እማማ፣ መጥተው ይዩት፤ ካልወደዱት ይዘዋት ይሂዱ» አልን። መጡ። በሦስተኛው እሁድ ከመስመሩ ውጪ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ እየፈተሉ «አንቺ ልጅ፣ ወደ ኋላ ስጪው! ከኋላሽ ባዶ ናት!» ሲሉ ሰማናቸው። ካሉን አሰልጣኞች ሁሉ ይሻላሉ።

ዕጣው ደግሞ ከዚህም የከበደ ምክንያት አለው። ቡድን በሰፈር አንመሠርትም። በቀበሌ፣ በትምህርት ቤት፣ በአብሮ አደግ አንመሠርትም። 24 ስም በወረቀት ተጽፎ ሁለት ኮፍያ ውስጥ ይገባል፤ የወንድ በአንዱ፣ የሴት በሌላው። እንደ እቁብ ነው፤ የወጣልህን ትቀበላለህ። በሚቀጥለው ዙር ባላንጣህ ጓደኛህ ይሆናል።

የምንኖርበትን አካባቢ ታውቃላችሁ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ እስከ ዳባት ወረዳ ድረስ መጥቶ ጭና ላይ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ያሳወጀው ግጭት መጣ። በመካከሉ ደባርቅና ዳባት ብዙ ሰው ተቀብለዋል፤ ከቤቱ የተፈናቀለ፣ በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ውስጥ ከግጭ መንደር ወጥቶ የሠፈረ፣ ከኤርትራ ተሰዶ ዳባት አጠገብ አለምዋጭ ጣቢያ የገባ፣ ከየክፍለ ሀገሩ ለዩኒቨርሲቲው የመጣ። አንዱ ሌላውን በስም አያውቀውም። የማያውቁትን ሰው መጠርጠር ደግሞ ቀላል ነው።

ኳስ ሰላም ያመጣል የሚል ባነር አንሰቅልም። እንዲህ ያለ ባነር ብዙ አይተናል፤ ባነሩ ሲወርድ ነገሩም ይወርዳል። የምንለው ከዚያ ያነሰ ነው። እሁድ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቀጠሮ ያለው ወጣት፣ ከወጣለት ዕጣ ጋር ኳስ እንዲቀባበል ደንብ የሚያስገድደው ወጣት፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ የ23 ሰው ስም ያውቃል። የእናቶቻቸውንም። ይህ ትንሽ ነገር ነው። ትንሽ ነገር ግን ስንት ዓመት አጣን?

ቡድን በሰፈር ቢሆን ኖሮ ሊጉ ይበልጥ ይሞቅ ነበር፤ እናምናለን። ጭብጨባው፣ ዘፈኑ፣ ፉከራው። ፉከራ ግን እዚህ አገር አልጎደለብንም።

ለአሰልጣኙ

አሰልጣኙ የሚለው ይህን ነው፦ «ልጆቹ ሳያነጥሩ ያድጋሉ። ለዞን ምርጫ ሲሄዱ በመጀመሪያው ቀን ይወድቃሉ። መጥፎ ልማድ እያስተማራችሁ ነው።»

ጋሼ፣ ግማሹ እውነት ነው። ማንጠር የማይችል ተጫዋች አምስት ለአምስት ላይ ይቸገራል፤ አንክድም። ወለል ያለው ልጅ ወለል ላይ ይልመድ፤ ደስ ይለናል። እኛም አንድ ቀን ወለል ካገኘን ሁለተኛውን ደንብ እንሰርዘዋለን። ደንባችን ታቦት አይደለም። በየዙሩ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተቀምጦ አንድ ደንብ መጨመር ወይም መሰረዝ ይችላል፤ በድምፅ ብልጫ። 21 የነበረውን ግብ 11 ያደረግነው እንዲያ ነው።

የቀረው ግማሽ ግን እንዲህ ነው። ኳስ ሳያነጥር የሚጫወት ልጅ ቦታ መያዝ፣ ቀድሞ ማየት፣ በአንድ ንክኪ ማቀበል፣ በንፋስ መወርወር ይለምዳል። ይህ ሁሉ ወለል ላይም ያገለግለዋል። ከሁሉ በላይ ግን ሊያወዳድሩት የሚገባው የእኛን ልጅ ከአካዳሚ ልጅ ጋር አይደለም፤ ቁልፍ ከሚጠብቀው ልጅ ጋር ነው። እሱ ምንም ልማድ የለውም፤ ጥሩም መጥፎም። እርስዎ ለምርጫ የሚያዩት ከመቶ አንዱን ነው። የቀሩት ዘጠና ዘጠኙ እሁድ ከሰዓት የት ይዋሉ?

ደግሞም ግብዣችን የጸና ነው። ይምጡና አንድ እሁድ ይዳኙልን። ሳይዳኙ ከሄዱ ግን አንድ ነጥብ እንቀንስብዎታለን።

በቃ

ለእናንተ፣ ለከተሜዎቹ አንባቢዎቻችን፣ የምንለው የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። ሰፈራችሁ ግንድ መትከያ ባይኖረው የግድግዳ ጥግ አለው። አፈሩ አርማታ ከሆነ አንጥሩበት፤ ደንቡ የእናንተ ነው። አሥር ቡድን አትመዝግቡ። አርማ አታሠሩ። ማሊያ አትግዙ፤ አንዱ ወገን እጅጌውን ይጠቅልል። ሃያ አራት ሰው ካልተገኘ በ12 ጀምሩ፤ ሦስት ቡድን፣ ሦስት ጨዋታ፣ አንድ ከሰዓት። ኳሱ የአንድ ሰው እንዳይሆን አዋጥታችሁ ግዙት፤ ይህን ከጠባሳችን የምናውቀው ነው። መርፌውን ደግሞ ትርፍ ያዙ፤ ሁልጊዜ ይሰበራል።

ባለ ቁልፉን ካገኛችሁት ሰላም በሉልን። ከስብሰባ ከተመለሱ እሳቸውም ስማቸውን ኮፍያው ውስጥ መጣል ይችላሉ። እሁድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት። ካረፈዱ ግን ፎርፌ ነው።